ስሙን ያጠፋሁት ፎቶ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሳሉስ ተወህ? ሚስትህና ልጆቹ፣ እማዬም ከነጉልበቷ ሕመም፣ እንዴት ናችሁ? እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼህ አላውቅም። ሆስፒታሉ የራጅ ፎቶዎችን በኮምፒውተር ይልክልናል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር የበሽተኛው ስም፣ የልደት ቀንና የካርድ ቁጥር አብሮ ይመጣል። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ያን ሁሉ አጥፍቶ በምትኩ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ለምርምር የሚያየው ሰው የማን ገላ እንደሆነ እንዳያውቅ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝር ግን ሐኪሞቹ አይተው እስኪጨርሱ ተቆልፎ መቀመጥ ነበረበት። አለቃችንን «አቶ አጥፉ» ነው የምንለው፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣም። እሱን ደስ ላሰኝ ብዬ ዝርዝሩም ፎቶው በመጣበት ቀን እንዲጠፋ አደረግኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አላስቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሐኪም በአንድ ሰው ሳንባ ላይ ሳይታይ ያለፈ እብጠት አገኘች። ቶሎ ከታከመ ይድናል፣ ማነው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ሆስፒታሉም ስም ያለባቸውን ዋናዎቹን ፎቶዎች ከዚህኛው ጋር አንድ በአንድ ለማስተያየት ወራት ይፈጅብኛል አለ።

ፎቶውን ከፍቼ አየሁት። ከአንገት ወደ ግራ ትከሻ የሚሄደው አጥንት ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ገጥሟል፤ አንተ ከጣሪያ ወድቀህ ወጌሻው እንዳሰረልህ። ሚያዝያ ላይ ለሳልህ እዚህ መጥተህ፣ በዚሁ ሆስፒታል ራጅ ተነሥተህ፣ ጉንፋን ነው ተብለህ ተመለስክ። አላለቀስኩም። ፎቶውን ዘግቼ ምሳዬን በላሁ። ፈርቻለሁ መሰለኝ፤ ግን ፍርሃቱም እንደ ሌላ ሰው ፍርሃት ሩቅ ነው።

የበሽተኛን ማንነት መፈለግ እኛ መሥሪያ ቤት ከሥራ ያስባርራል። ያባርሩኝ፤ የወንድሜ ሊሆን ይችላል ብዬ ነገ ለሐኪሟ እነግራታለሁ። በስልክ ብነግርህ አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ ብለህ ትዘጋብኛለህ፤ ስለዚህ ይህን በአውቶቡሱ ሹፌር እልክልሃለሁ። በደረሰህ ማግስት ተነሥተህ ና። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ብዙ ነው፤ ምናልባት አንተ አይደለህም። አንተ ካልሆንክ ደግሞ የሌላ እህት ወንድም ነው፣ ለእሱ የምጽፍበት አድራሻ የለኝም።

ሚስትህን ሰላም በልልኝና ደብዳቤውን ስጣት፤ አንተን ጎትታ የምታመጣህ እሷ ብቻ ናት። ትልቋን ጎበዝ በልልኝ፣ ትንሹን ሳምልኝ። ለእማዬ ሰላምታውን ብቻ አንብብላት።

ታናሽ እህትህ
ከሥራ ጠረጴዛዬ፣ ሐሙስ፣ ጥቅምት 14 ቀን