በረዶው ሳይወርድ

ልጅሽ ይሻው ካሜራዬን ቋጥኝ ላይ የፈጠፈጠው ገና አንዲት የበረዶ ፍሬ መሬት ሳትነካ ነው። ይህን ልብ በይልኝ፣ እማ።

ከሰላምታ አስቀድሜ ይህን በመጻፌ አትቀየሚኝ። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ በዚህ ብርድ እንዴት አደረገሽ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ደብረ ታቦር፣ ነጅሚያ የምትባል ባለሱቅ ጓዳ ተጠግቻለሁ። ቅንድቤ ሰባት ቦታ ተሰፍቷል። ግራ ጆሮዬ አሁንም ይጮኻል።

የዚያን ቀን ከጋፋት በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነበርሁ። ደመናው ሆዱ በልዞ፣ ጠርዙ አረንጓዴ ሆኖ ከጉና ወረደ። ነፋሱ ገብሱን ደፋው። መብረቅ ማዶ ያለውን ባሕር ዛፍ ከአናቱ እስከ ሥሩ ሰነጠቀው፤ እኔ እየሳቅሁ በካሜራዬ አነሳሁት። ጂኦግራፊ ስማር ሰሌዳ ላይ የሚሳልልን ደመና እንዲህ አያገሣም ነበር። ይህን ለማየት ስንት ክረምት ጭቃ ላይ ተንበርክኬያለሁ!

ይሻው ከኋላዬ ደረሰ። አምና ፎቶ ባነሳሁ ማግስት በረዶ ገብሱን ስለመታው ቂም ይዞብኛል። «አንቺ የደመና ደላላ፣ ዘንድሮም ልትጠሪብን ነው?» አለኝ። «በረዶ ጆሮ የለውም፤ አንተም የለህም» አልሁት። በማለቴ አልጸጸትም። በዱላው ቅንድቤን አለኝ። ወደቅሁ። ካሜራውን ሲነጥቀኝ ማንገቻው አነቀኝ፤ እጁን ነክሼ ደሙን ቀመስሁት። ከዚያ ካሜራውን ደጋግሞ ፈጠፈጠው፣ መስታወቱ ዱቄት እስኪሆን። በረዶው የወረደው እሱ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሁለታችንንም እኩል ቀጠቀጠን። ከገብሱ አንድ ዘለላ አልተረፈም። እንግዲህ ካሜራው ከተሰበረ ወዲያ የመጣውን በረዶ ማን ጠራው?

ትናንት አቶ ሙላቴን ልከሽብኝ ነበር። ሽማግሌ ናቸውና ተነስቼ ተቀበልኋቸው። «ልጄ፣ እሑድ ድንጋይ አንገትሽ ላይ አድርገሽ ወንድምሽ እግር ላይ ውደቂ። ገብሱ አልቆበት ሆዱ ተቃጥሏል። እናትሽም ይህንኑ ብላለች» አሉኝ። «የተፈነከትሁት እኔ፣ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ የምለምነውም እኔ? አንቱስ ቢሆኑ ይሸከማሉ?» አልኋቸው። «እኔማ ወገቤን ያመኛል» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

የካሜራውን ካርድ ከጭቃ ውስጥ ለቅሜ አውጥቼዋለሁ። ፎቶዎቹ ደኅና ናቸው። ሸለቆውን በሙሉ ባነሳሁበት በአንዱ ላይ ይሻው ዱላውን ይዞ ዳገቱን ጀምሮታል፤ ያኔ አላየሁትም። ከሥር፣ አጥራችን ዳር፣ ነጠላ የለበሰች ሴት እጇን ወደ እኔ ዘርግታ ታሳየዋለች። ፊቷ አይለይም። የነጠላዋን ጥለት ግን ለፋሲካ መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ። ለአቶ ሙላቴ አላሳየኋቸውም። ለማንም አላሳይም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። እመቤቴ ከመብረቅም ከረኀብም ትሰውርሽ። ደጅሽ ሰው አይጣ።

እሑድ ግን አልመጣም። የመታኝ ሰው እግር ላይ አልወድቅም። ጉና ላይ ደመና በተነሳ ቁጥር እወጣለሁ፤ ካሜራ ባይኖረኝ በዓይኔ አነሳዋለሁ። «ምን ይደረግ፣ ወንድምሽ ነው» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ ከማንም አልቀበልም፤ ከአንቺም ቢሆን።

ሴት ልጅሽ