ስትጠጣ ያደረች ታንኳ

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፤

ሰላምታዬ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ፣ ማንኩሳን አቋርጦ፣ ቡሬ ደጅሽ ድረስ ይግባ። እንዴት ከረምሽ? አባባ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እምዬስ ለሠርግሽ ሽር ጉድ ስትል ራሷን እንዳትጥል አደራ። እኔ በአካል ደኅና ነኝ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኛለሽ፤ በስልክ ብጀምረው ድምፄ ያሳብቅብኛል።

እጮኛሽ ፍጹም እንደነገረሽ፣ ቅዳሜ ከሁለት የትምህርት ቤታችን መምህራን፣ ከእንዳለውና ከሲሳይነሽ ጋር ጣና ሄደን ነበር። የነገረሽ ግን ግማሹን ነው። በዱርቤቴ አድርገን ቁንዝላ ወረድን፤ ትልቅ የደንገል ታንኳ ተከራይተን፣ ራሳችን እየቀዘፍን አንዲት ትንሽ ደሴት ደርሰን አደርን። እስከዚያ ሳቅ ብቻ ነበር። እንዳለው የፈረስ ቤት ደገኛ አይደል? ታንኳዋን እንደ በቅሎ ዳር ካለ ግንድ አሰራትና ሌሊቱን ስትጠጣ ትደር አለ። ደንገል እውነትም ውኃ እንደሚጠጣ፣ ማታ ማታ አውጥተው እንደሚያደርቁት ከመካከላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ጠዋት ከብዳ፣ ዝቅ ብላ አገኘናት። እኔ ሰው እስኪያልፍ እንጠብቅ ብል፣ ፍጹም ነገ ክፍል አለብን ብሎ እምቢ አለኝ። ተጣላን፤ ሰሞኑን እሱና እኔ ያለ ምክንያት መጣላት ልማዳችን ሆኗል። መሐል ስንደርስ ነፋስ ተነሣ። ውኃው የተቀመጥንበትን አልፎ ወገባችን ደረሰ። ሻንጣውንም ብርድ ልብሱንም ጣልን። እኔ ከፊት ሆኜ እቀዝፋለሁ፤ ዳዊት የማትደግም እህትሽ ያን ዕለት ያልጠራችው ታቦት የለም። ከዚያ ሲሳይነሽ ደንግጣ ብድግ አለች። ታንኳዋ ዘመመችና ልጅቱ ውኃ ውስጥ ገባች።

ፍጹም በደረቱ ተኝቶ ክንዷን ያዘ። እሷ እየሰመጠች፣ ብቅ እያለች እንዳትለቀኝ ትለዋለች፤ እንዳለው ከኋላ ሁላችንንም ልትገለብጠን ነው፣ ልቀቃት እያለ ይጮሃል። ያን ጊዜ ነው ፍጹም እገሊት ትሙት አልለቅሽም ብሎ የማለው።

እውነትም አልለቀቃትም። ደንገል ሲያጭዱ የነበሩ ሰዎች ጩኸታችንን ሰምተው ደረሱልን። ሲሳይነሽ ደኅና ናት፤ ትናንት ሥራ ገብታለች።

እህቴ፣ ሰው በሚሳሳለት ነው የሚምለው። ፍጹም ሻይ ቤት ሲቀልድ በአንቺ ይምላል፤ ስንቴ ገድሎሽ እንደሆነ እግዜር ይቁጠረው። ሞት ሲመጣ ግን ከአፉ የወጣው ያንቺ ስም አልነበረም። ስሙን ስሰማ ከውኃው ይልቅ ራሴን ፈራሁ። ዳርቻ እስክንወጣ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም አልዞርኩም። ከዚያ ወዲህ መምህራን ክፍል ሲገባ እወጣለሁ።

በመካከላችን የሆነ ነገር የለም፤ በእምዬ ሞት። አታግቢው አልልሽም፤ አግቢው ማለትም አቃተኝ። ጠላው ሳይጠነሰስ፣ ዘመድ ሳይጠራ ጠይቂው። እኔ ዝውውር ጠይቄያለሁ፤ ሚዜሽ መሆንም አልችልም። ይህን ስጽፍ እያለቀስኩ ነው፣ ምን ልደብቅሽ።

በማን ማለ ትይኝ ይሆናል። ልጽፈው እጄን አነሣሁና አቃተኝ። አባባና እምዬ መስማማት ሲያቅታቸው፣ አራስ ቤት ገብተሽ ስሙን ያወጣሽላት አንቺ ነሽ።

መድኃኔ ዓለም ልብሽን ያጽናው፤ የሚበጅሽን ያሳይሽ። ብትቀየሚኝም ጤናሽን አትንፈጊኝ፣ ላኪልኝ።

ታናሽ እህትሽ