ያልተቆረጠው ካሴት፦ የአቶ ተድላ እንግዳወርቅ የሕይወት ታሪክ

አቶ ተድላ ከአባታቸው ከአቶ እንግዳወርቅ ደስታ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስንቅነሽ አየለ በጭልጋ አውራጃ፣ አይከል ከተማ በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው አይከል፣ ኋላም ጎንደር ተምረዋል። ጊታር የለመዱት በኪነት ቡድን ውስጥ ሲሆን፣ በ1971 ዓ.ም. በመተማ በኩል ተሰደው ካርቱም ገቡ። አል-ሳሃፋ በተባለው የካርቱም ሰፈር የሬዲዮና የቴፕ መጠገኛ ሱቅ ከፈቱ። በ1976 ዓ.ም. ከወ/ሮ የኔነሽ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ገሊላን ወለዱ።

በ1985 ዓ.ም. «የኬላው ሌሊት» የተባለውን ካሴት አወጡ። ኒው ዌቭ በሚባለው የሮክ ስልት የተሠሩት ዘጠኝ ዘፈኖች ሳይቋረጡ አንድ ታሪክ ይተርካሉ፤ ድንበር ላይ ያደረች ሴት ትሻገራለች ወይስ ትመለሳለች? እውነቱን ለመናገር ያኔ የወደደው አልነበረም። እስክስታ የማይወረድበት ካሴት ለሠርግ ምን ይሠራል ተባለ። ርካሽ ስለነበረ ግን ተገዛ። በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በደብዳቤ ፈንታ ድምፃቸውን ቀድተው ወደ አገር ቤት ይልኩ ስለነበር፣ በዘፈኑ ላይ ሰላምታቸውን ቀዱበት። አጎቴ አቶ ተድላ ይህን ሲሰሙ ሳቁ፤ ውስጣቸው ግን ቆስሎ ነበር። ዋናው ቅጂም በአንድ ክረምት የሱቃቸው ጣራ አፍስሶ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ጊታር አልነኩም።

በ1998 ዓ.ም. ካርቱም ሁለት የሙዚቃ ሱቅ ያለው ተውፊቅ የካሴቱን ግማሽ ሰምቶ መጣ፤ ሙሉውን ካገኘ እንደገና ሊያሳትመው አስቦ ነበር። አጎቴን ያን ጊዜ የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ጥሏቸዋል። ሥራቸውን ሙሉ ሆኖ ሳይሰሙት እንዳይሞቱ ፈራን። በየሰፈሩ ጠየቅን፤ የተገኘው ሁሉ ከላዩ ተቀድቶበታል። በመጨረሻ ሬሕማ የተባለች የወሎ ልጅ አርካዊት ከተባለው ሰፈር አንድ ይዛ መጣች። ካሴቱ የሟች እህቷ የዘኪያ ነበር፤ ከሞተች ወዲህ ደፍራ ከፍታው አታውቅም። ክሩ አርጅቷል። «ወላሂ እህቴ ሌላ ድምፅ የላትም፤ ቢበጠስ ምን እሆናለሁ?» አለች። አጎቴ በሰው ተደግፈው ተነሡና ቴፑን በገዛ እጃቸው ከፈቱ።

ስምንቱ ዘፈኖች ደህና አለፉ። ዘጠነኛውን ስንሰማ ጊታሩ መሀል ላይ ተቋረጠና የዘኪያ ድምፅ መጣ፦ «እማ፣ አልሐምዱሊላህ ደርሻለሁ። ካርቱም ገብቻለሁ። አታልቅሺ።» ዘፈኖቹን ስለምትወድ ሌላውን አልነካችውም ነበር። መልእክቱንም ሳትልከው አረፈች።

ተውፊቅ መጨረሻውን እንደገና እንዲዘፍኑት ለመናቸው። ግጥሙን አልረሱትም፤ በእርሳቸው ታሪክ ሴትዮዋ ጎህ ሲቀድ ትመለሳለች። እርሳቸው ግን፣ «እኔ መልሻት ነበር፤ እሷ ግን ደርሳለች። እንዳትቆርጡት» አሉ። ካሴቱ እንዲሁ ታተመ፤ የመጀመሪያውን ቅጂም ደሴ ላሉት ለዘኪያ እናት አስላኩ።

አቶ ተድላ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 1999 ዓ.ም. በተወለዱ በ53 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ የኔነሽን፣ ልጃቸውን ገሊላንና ይህን የጻፍኩትን የእህታቸውን ልጅ ሚልዮንን በሐዘን ትተውናል።

እግዚአብሔር የአጎታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ የዘኪያንም ነፍስ አብሮ ይማርልን፤ ድምፅዋን ለሰሙት እናቷ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።