ማህተማችሁ ከንቅሳት ቤቱ ግድግዳ ይውረድልኝ

ለጤናና ንጽህና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 12

ጉዳዩ፦ ለፀጉር ሥራ የተሰጠ የንጽህና ምስክር ወረቀት ንቅሳት ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ልጄን ለጉዳት ስለዳረገ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ፀጉር በማስተካከል የምተዳደር፣ እናቷ የሞተችባትን አንዲት ልጄን ብቻዬን ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ለመሥሪያ ቤትዎ እንግዳ አይደለሁም። ተቆጣጣሪዎ በየጊዜው እየመጣ ምላጬን ይፈትሻል፣ ፎጣዬን ያሸታል፣ ቶንዶዜን አገላብጦ ያያል። ባለፈው እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ ትተሃል ተብዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል። ደንብ ነውና ፈርሜ ተቀብያለሁ።

2. ከእኔ ሁለት በር አልፎ ያለው ቤት ፈቃዱ የፀጉር ሥራ ነው። መቀስ ግን እዚያ ቤት ገብቶ አያውቅም፤ የሚሠራው ንቅሳት ነው። ልጄ ሟች እናቷ ትራስ ላይ ትጠልፈው የነበረውን አበባ ክንዷ ላይ ልትነቀስ ወደዚያ ሄደች። እኔን አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝም እሺ አልላትም ነበር። ሆኖም የፀጉር አስተካካይ ልጅ ናትና ዝም ብላ አልተቀመጠችም። መርፌው ከነማሸጊያው ቀርቦ ዓይኗ እያየ እንዲከፈት አደረገች። ጓንቱንም አስቀየረች። ቀና ስትል ደግሞ «ንጽህናው የተረጋገጠ» የሚለው ወረቀትዎ ከነማህተሙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ያን ጊዜ ልቧ አርፎ ክንዷን ዘረጋች።

3. ክንዷ አብጦ መግል ሲይዝ ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀቻት ስለ ቀለሙ ነው። እኔም ሄጄ ነቃሹን ጠየቅሁት፤ ሳያፍር አሳየኝ። ጥቁሩን ለማቅጠን ከጀሪካን የቧንቧ ውሃ ይጨምርበታል። ደም የነካ መርፌ ሲነከርበት ቆይቶ ከአንዱ ሰው የተረፈውን ቀለምም መልሶ ወደ ጠርሙሱ ይገለብጠዋል። «አባባ፣ ቀለሙ እኮ እንደ ልብ አይገኝም፤ ልድፋው እንዴ?» አለኝ። አዲስ መርፌ ከፍቶ በሌላ ሰው ደም ውስጥ መንከር ምን የሚሉት ንጽህና ነው?

4. የልጄ ክንድ ተቀዶ ታጥቧል። የአበባው ግማሽ ከቆዳዋ ጋር ሄዷል። ልብስ ሰፊ ናት፤ አሁን መቀስ መያዝ አቅቷት ማሽኗ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። ሐኪሟ የጉበት ቫይረስ እንዳይኖርባት ፈርታ ደሟን መርምራለች፤ ከወራት በኋላ ደግማ ካላየችው በቀር ነፃ ናት ማለት እንደማትችል ነግራናለች። ልጄም አያስፈልግም እየተባለች የራሷን ኩባያ ለይታ አስቀምጣለች። ያችን ኩባያ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

5. ቢሮዎ መጥቼ ስናገር መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ንቅሳት እኛን አይመለከትም ብላ መለሰችኝ። የማይመለከታችሁ ከሆነ ማህተማችሁ እዚያ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል? ፎጣዬን ያሸተተው አፍንጫስ ያን ጠርሙስ እንዴት ዘለለው?

6. ስለዚህ ወረቀቱ ዛሬውኑ እንዲወርድ፤ ነቃሹ ለእያንዳንዱ ሰው ቀለም ለብቻ ቀድቶ ትርፉን መድፋትና ከጀርም በጸዳ ውሃ መሥራት እስኪጀምር ቤቱ እንዲዘጋ፤ እዚያ የተነቀሱ ሁሉ እንዲመረመሩም በሩ ላይ ማስታወቂያ እንዲለጠፍ በትሕትና አመለክታለሁ። ካሳ አልጠየቅሁም።

ይህን ጽፌ ልፈርም ስል ተቆጣጣሪዎ እንደ ወትሮው ሊፈትሸኝ መጣ። ብሶቴን ብነግረው ሳቀና እጅጌውን ሰበሰበ። ክንዱ ላይ ገና ያልሻረ ንቅሳት በፕላስቲክ ተጠቅልሏል። «እኔም እዚያው ነው ያሠራሁት፤ ይኸው፣ ምን ሆንኩ?» አለኝ። ልጄም በመጀመሪያው ሳምንት ያለችኝ ይህንኑ ነበር። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ሂድ አልኩት። እኔ ብነግረው አልሰማኝም፤ አለቃው እርስዎ ነዎት። እባክዎ፣ የእኔን ጉዳይ ከማየትዎ በፊት እሱን ጠርተው ሐኪም ዘንድ ይላኩልኝ።

ከነቅሬታዬ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ የልብስ ሰፊዋ አባት