ከበሩ ኋላ ቀጭ ቀጭ

ጀግናው ወንድሜ፣

ስፌት ቤቱን ልከፍት ወጥቻለሁ። ሾርባው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቀህ ጠጣ።

የደም ማቅጠኛ ክኒኖችህን የአበባው አፈር ውስጥ ተቀብረው አገኘኋቸው። እሰይ! ከእንግዲህ የአበባው ደም አይረጋም። ያንተው ግን ልብህ ውስጥ ገብቶ ቀጭ ቀጭ እያለ የሚከፈት የሚዘጋው የብረት ቫልቭ ላይ ይረጋል። ሐኪሙ ፊት ለፊትህ ተቀምጦ ነግሮሃል፤ አንተም የገባህ መስለህ ራስህን ስትነቀንቅ ነበር። «አሁን እኮ ደህና ነኝ» ትላለህ። ደህና የሆንከው በክኒኑ ነው፣ አንተ ሊቅ!

የዛሬውን ከውሃ ጋር ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬልሃለሁ።
አበባውን በረንዳ አውጥቼዋለሁ።

ደግሞ ትናንት ከአክስታችን ጋር በስልክ ሳወራ በር ኋላ ተደብቀህ ስታዳምጥ ነበር። ደረቱ እንደ ሰዓት ቀጭ ቀጭ የሚል ሰው ስለላ አያምርበትም። መቆምህን እያወቅኩ ነው «ሰልችቶኛል፣ ጥዬው እወጣለሁ» ያልኳት። ጆሮህ ውስጥ እንዲገባ ብዬ ነው።

ቀጭ ቀጩ ወደ ክፍልህ ከራቀ በኋላ ያልኳትን ግን አልሰማህም።
እኔ አልነግርህም። መጀመሪያ ክኒኑን ዋጥ፣ ከዚያ ደውለህ እሷን ጠይቃት።

«እህትህ አለቀሰች» ካለችህ ውሸቷን ነው። ጉንፋን ይዞኝ ነው።

እህትህ