ሴቶችን መንዳት ያስተማሩት የአቶ መንሱር እንድሪስ የሕይወት ታሪክ

አቶ መንሱር እንድሪስ ከአባታቸው ከአቶ እንድሪስ ይማምና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዘምዘም ሰይድ በ1961 ዓ.ም. በወሎ፣ ወረባቦ፣ ቢስቲማ ከተማ ተወለዱ። በሰፈራቸው መድረሳ ቁርኣን ቀርተው፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ቢስቲማ ተምረዋል።

በ1987 ዓ.ም. ጅዳ መጥተው ሂንዳዊያ ሰፈር ውስጥ መኪና በማጠብ ሥራ ጀመሩ። መንዳትን የለመዱትም የታጠቡትን መኪኖች ከቦታ ቦታ ሲያንቀሳቅሱ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጡ በኋላ የቤት ሾፌር ሆኑ፤ ቆይተውም መካ ውስጥ ከኩዳይ ማቆሚያ ወደ ሐረም መስጊድ ሑጃጅ ተጓዦችን የሚያመላልስ አውቶቡስ ለብዙ ዓመታት ነድተዋል።

በ1993 ዓ.ም. ከሀሰና ዑመር ጋር ኒካህ አሰሩ። ሀሰና በአካውንቲንግ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ጅዳ በሰው ቤት ትሠራ ነበር። ራሕመትንና ከውሰርን ወልደዋል።

አቶ መንሱር ዓርብ ዓርብ ከፊል በሚባለው ዋስ አሠሪያቸው መጋዘን ግቢ ከአገር ቤት የመጡ ወንዶችን በነጻ መንዳት ያስተምሩ ነበር። ሰኔ 17 ቀን 2010 ዓ.ም. በሳዑዲ ለሴቶች መንዳት ሲፈቀድ፣ በቀጣዩ ዓርብ ሀሰናን ይዘው ወደዚያው ግቢ ሄዱ። ቁልፉን ሰጧት። እሷም ቁልፉን በእጇ እንደያዘች የኋላውን በር ከፍታ ገብታ ተቀመጠች፤ ከማዳሟ ጋር ስትወጣ ሁልጊዜ የምትቀመጠው እዚያ ነበርና። አቶ መንሱር አልሳቁባትም። አስወርደው በመኪናው ዙሪያ አዞሯትና የሾፌሩን በር አስከፈቷት፤ ደግመውም አዞሯት።

"ስንት ጊዜ ነው የምከፍተው?" ብላ ተቆጣች።

"እጅሽ የኋላውን በር እስኪረሳ" አሏት።

ከዚያ በኋላ በሰው ቤት ለምትሠራ ሴት ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ሆነ። ሴቶቹ ግቢው ውስጥ መሪ መያዝ ከለመዱ በኋላ ወደ ሴቶች ማሠልጠኛ ገብተው ይፈተኑ ነበር። አንዲትንም ሴት ብቻዋን አስተምረው አያውቁም፤ ሀሰና አብራ ትገኝ ነበር።

ነገሩ ሲሰማ ሐበሻ በሚበዛበት በጅዳው ሸረፊያ ሰፈር መሳቂያ ሆኑ። የሥራ ባልደረባቸው ሳሊም በሰው ፊት፣ "ሚስትህ መኪና ልትነዳ፣ አንተ ወጥ ልትሠራ ነው?" አላቸው።

"ወጡንማ ድሮም የምሠራው እኔ ነኝ፤ የእሷ አይበላም" ብለው መለሱለት። ይህም እውነት ነበር።

የአገር ልጆች ጀመዓ ሰብሳቢ አቶ አብዱልረሕማን ግን ለሳቅ አልመጡም። ቤት ድረስ መጥተው፣ "ያ መንሱር፣ ኸላስ፣ ይብቃህ። ሴቶቻችንን አታበላሽብን" አሏቸው።

"አንተን መንዳት ያስተማረህ ማነው?"

"አንተ ነህ።"

"ታዲያ ያኔ ተበላሸህ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስቱን ወይም እህቱን የሚከለክል ወንድ እሳቸው ዘንድ መንዳት እንደማይማር አስታወቁ። ጀመዓው አገለላቸው። የዚያን ዓመት ኢድ ደጃቸውን የረገጠ ወንድ አልነበረም። ያበሰሉትን ወጥ ያስተማሯቸው ሴቶች መጥተው በሉላቸው።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸው ታመመና መንዳት አቆሙ። ወደ እጥበት ሕክምናው የምታመላልሳቸው ሀሰና ነበረች። ወንዶች ሊወስዷቸው ሲመጡ፣ "የሚነዳኝ አላጣሁም" እያሉ ይመልሱ ነበር። ፍላጎታቸው አንድ ነበር፤ ከሞታቸው በፊት በቤታቸው መንጃ ፈቃድ የሌላት ሴት እንዳትኖር። ራሕመት አወጣች። ትንሿ ከውሰር አሥራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ጠበቁ። ዕድሜዋ ሲደርስም ሕመማቸው ጠንቶ ነበርና አልጋ ላይ ሆነው የመንገድ ምልክቶችን ያስጠኗት ጀመር። እሷ በዓረብኛ ስትመልስ በአማርኛ ያስደግሟት ነበር።

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. መካ ውስጥ በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ወደ አኼራ ሄዱ። ሐረም የጀናዛ ሶላት ተሰግዶባቸው እዚያው መካ ተቀብረዋል። ያሰቡት በአንዲት ልጅ ጎድሎባቸዋል።

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት ሴቶችን ስለማስተማራቸው የሚናገረው ክፍል፣ "ለሟች ክብር ሲባል" እንዲወጣ ቤተሰቡ በሽማግሌ ተጠይቋል። አልወጣም። ክብራቸው እሱ ነው።

ባለቤታቸውን ሀሰናን፣ ልጆቻቸውን ራሕመትንና ከውሰርን፣ ቢስቲማ ያሉ እህታቸውን ወ/ሮ ከሚሪያን ትተው አልፈዋል።

የከውሰር የመንጃ ፈቃድ ፈተና የፊታችን እሑድ ጠዋት ነው። ለቅሶው እስኪያልፍ ይተላለፍ ያላችሁ አላችሁ። አይተላለፍም። እናቷ የባል ኀዘን ወቅት በሆነው ኢዳ ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ ነድታ የምታደርሳት እህቷ ራሕመት ናት።

ዱዓ ለምታደርጉ ሁሉ፦ አላህ የአባትየውን ቀብር ሰፊና ብርሃን ያድርግላቸው፣ ለልጃቸውም ፈተናውን ያግራላት። አሚን።