የአሥራ አንድ ቀኑ ክሪኬት ተጫዋች የኤኖክ ታኒክሊፍ የመጨረሻ ቃል

እኔ ኤኖክ ታኒክሊፍ፣ በሃርልበሪ መንደር ነዋሪ የሆንኩ ጡረተኛ ጫማ ሠሪ፣ ዛሬ ኦክቶበር 9 ቀን 1961 ይህን ቃል ለጠበቃው ለአቶ ፒም አስጽፌአለሁ። ሳንባዬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሙሉ መሆኑን ሐኪሙ አረጋግጧል።

ቤቴን ለልጄ ለዊኒፍሬድ ሰጥቻለሁ። የክሪኬት ታሪኬን ሠላሳ ዓመት ሳታቋርጠኝ ሰምታለችና፣ ከእንግዲህ ጸጥታውም የራሷ ነው።

ታሪኩም ይህ ነው። በ1921 በጋ ለክፍለ ሀገራችን ቡድን ተሰለፍኩ። ከመጀመሪያው ግጥሚያ እስከ መጨረሻው አሥራ አንድ ቀን ነው፤ አዲስ ጫማ እንኳ በዚህ ጊዜ እግር አይለምድም። በሦስተኛው ግጥሚያ አርባ ስምንት ነጥብ አስቆጥሬ ሃምሳ ለመሙላት ሁለት ብቻ ሲቀረኝ፣ አብረውኝ ይመቱ የነበሩት አምበላችን ክቡር ሬጂናልድ ፌን ነጥብ ለማግኘት በሩጫ ቦታ እንድንለዋወጥ «ና!» ብለው ጠሩኝ። ሮጥኩ። ክቡርነታቸው ግን ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም፤ መሐል ሜዳ ላይ ቀርቼ ኳሱ ስለቀደመኝ ከጨዋታ ወጣሁ። ለጋዜጠኞችም «ሳልጠራው መጣ» አሉ። በሳምንቱ ከቡድኑ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለገኝ የለም።

ክቡር ፌን በምስክርነት ያላቸውን ችሎታ ስለማውቅ፣ ዛሬ ለዚህ ኑዛዜ ምስክር እንዲሆኑ አስጠርቻቸዋለሁ።

እዚህ ላይ አቶ ፌን ከወንበራቸው ተነሡ። አቶ ፒም የተባለውን ሁሉ እንዲጽፍ አዘዝኩ።

«ኤኖክ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ይሄን ይዘህ ነው?»

«ሌላ ምን የምይዘው ሰጡኝ?»

«ጠርቼሃለሁ። ኳሱን ያነሣው ሰውዬ ሲፈጥን አየሁና ፈራሁ። አባቴ ደግሞ እያዩ ነበር፤ አፈርኩ።»

«በሉ ይድገሙት፤ ዊኒፍሬድ ትስማ።»

«ጠርቼዋለሁ፣ ዊኒፍሬድ። አባትሽ አልዋሸም።»

ልጄ አለቀሰች። እኔ ሳንባዬ ስለማይፈቅድልኝ አላለቀስኩም።

ስለዚህ የክሪኬት መምቻዬን ለሬጂናልድ ፌን ሰጥቻለሁ። ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ቢለማመዱ ገና ይሻሻላሉ።

አቶ ፒም ብዕሩን አስቀመጠ። «ይቅርታ፣ አቶ ታኒክሊፍ፤ የሚወርስ ሰው ምስክር ሊሆን አይችልም። ወይ መምቻው፣ ወይ ፊርማው።»

«በል ምረጥ፣ ሬጂ» አልኩት።

«መምቻውን» አለኝ።

ተናዛዥ፦ ኤኖክ ታኒክሊፍ (ፊርማ)

ምስክሮች፦

ግላዲስ ኦርም፣ አስታማሚ ነርስ (ፊርማ)

ሬጂናልድ ፌን — ወራሽ ስለሆነ ተሰርዟል

በምትኩ፦ ሆረስ ቢልተን፣ ወተት አዳይ፣ በበር ሲያልፍ የተጠራ፤ ክሪኬት አይወድም (ፊርማ)